አበሩ በጥንቸል ደንብ

ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ ሰፈር ውስጥ፣ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ብርጭቆዎቻቸው ከሚንቀጫቀጩ ቤቶች በአንዱ፣ አበሩ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። ቤቱ የዶክተር ሙጠሊብና የባለቤቱ የማዳም ዙለይካ ነው። አበሩ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ጫቱን ይዞ ሲጋደም፣ የግራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ቢንቢ ታበላለች።

ታበላለች ሲባል ሌላ ትርጉም የለውም። ጓሮ ባለው ክፍል ውስጥ በነጭ መረብ የተሸፈኑ ሳጥኖች ተደርድረዋል። በሳጥኖቹ ጎን እንደ እጅጌ ያለ ጨርቅ ተሰፍቷል። አበሩ ክንዷን በዚያ ታስገባለች፤ ቢንቢዎቹ ይሰፍሩበታል፤ እሷም ግድግዳውን እያየች ለእራት ምን እንደምትሠራ ታስባለች። ሆዳቸው ተነፍቶ ቀይ ዶቃ ሲመስል ዶክተሩ "ይበቃል፣ ጠግበዋል" ይላታል። ክንዷን ታወጣና ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች።

ነገሩ የመጣው በመርከብ ነው ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ረግረግ የማትፈልግ፣ ጣሪያ ላይ ባለ ንጹሕ የውሃ ታንከር ውስጥ የምትፈለፈል እንግዳ የወባ ቢንቢ ጅቡቲ ውስጥ ተገኘች። ወባ የገጠር ነው ብሎ ተዝናንቶ የኖረው ከተሜ በትኩሳት መውደቅ ጀመረ። ዶክተር ሙጠሊብ ፈረንሳይ አገር ስለ ነፍሳት ተምሮ የመጣ ሰው ስለሆነ እንግዳይቱን እንዲያጠና ተሰጠው። የመሥሪያ ቤቱ ክሊማ፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣው፣ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማል፤ ክሊማው ሲቆም ቢንቢዎቹ በሙቀት ያልቃሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ሳጥኖቹን በመኪና ጭኖ ወደ ቤቱ አመጣቸው።

"ሰው ቢንቢ ከቤቱ ያስወጣል፤ የኔ ባል በር ከፍቶ ያስገባል" አለች ማዳም ዙለይካ። ድሬዳዋ ያደገች ስለሆነች ስትናደድ የምትናገረው በአማርኛ ነው። ባሏ አማርኛ ሲሰማ ነገሩ የከፋ መሆኑን ያውቃል።

ሴቷ ቢንቢ ደም ካልጠጣች እንቁላል አትጥልም። ለዚህ ሥራ ተብላ አንዲት ነጭ ጥንቸል ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን መጣች። አብሯት ወፍራም ደንብ መጣ። ክፍሏ ቀዝቃዛ ይሁን። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ታግኝ። ከፍ ያለ ድምፅ አይሰማት። በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሳት ክልክል ነው። የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት። አንድ ቀን ከሠራች ሁለት ሳምንት ትረፍ። ሌላም ብዙ አለበት። ስም ማውጣትም የተከለከለ በመሆኑ ቁጥሯ "አንድ" ተባለ። አበሩ ግን ቅጠሏን ይዛ በገባች ቁጥር ጥንቸሏ ቀና ብላ ላይ ታች ስታያት ጊዜ "ወይዘሮ" አለቻት፤ በዚያው ጸና።

ወይዘሮ አንድ ቀን ሠርታ ሁለት ሳምንት ታርፋለች። ቢንቢ ግን አያርፍም፤ ይራባል። ዶክተሩ መጀመሪያ የራሱን ክንድ አስገባ። ክንዱ እንደ ዳቦ ተነፋ፤ ለብዙ ቀን ብዕር መያዝ ተሳነው። ማዳም ዙለይካን ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ፊቷን አይቶ ዘጋው። በዚህ መሐል አበሩ መወልወያዋን ይዛ ገባች፤ በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ቢንቢዎች ሁሉ እሷ ወደቆመችበት ወገን ተጣበቁ።

"አበሩ፣ ክንድሽን እስቲ አንድ ጊዜ" አላት።

ሳጥን ውስጥ የተፈለፈለ ቢንቢ ወባ የለበትምና ያ አንድ ጊዜ ሁለት ዓመት ሆነው። ስለ ሰው የሚናገር ደንብ ነበረ ወይ ቢባል፣ አልነበረም። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ስለ ጥንቸል ብዙ አስበዋል፤ አበሩ የምትባል ሰው መኖሯን ግን ማን ይንገራቸው። ወይዘሮ ክሊማው ሥር ዓይኗን ጨፍና ስትተኛ፣ አበሩ ከማድ ቤቱ ጎን ባለች ክፍሏ በእርጥብ አንሶላ ተጠቅልላ ታድራለች። ቅር አላላትም ማለት ባይቻልም ያስቃት ነበር። "አንቺ ተኝተሽ ታድሪያለሽ፣ እኔ አብልቼ አድራለሁ" ትላታለች ቅጠሉን እያቀረበች። ወይዘሮ ቅጠሉን ትጎረድማለች እንጂ መልስ አትሰጥም።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል፣ ከድሬዳዋ ስልክ ተደወለ። ፋናዬ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አበሩ ያሳደገቻት ታናሽ እኅቷ።

"እትዬ፣ ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ።"

"እሰይ፣ የኔ ልጅ።"

"ሙሽራዋ ስትወጣ ጉልበት የምትስመው የማንን ነው ብለው ጠየቁኝ። የእትዬን ነው አልኳቸው።"

አበሩ ወደ ጓሮው ክፍል አየች።

"እየሰማሽኝ ነው?"

"ካልተመቸኝስ፣ አጎታችን ጫላቸው አለ አይደል።"

"አጎት ጫላቸውን አልስምም። የእማዬ ለቅሶ ላይ ቀድሞ በልቶ የሄደ ሰው ነው። አንቺ ካልመጣሽ ባዶ ወንበር አስቀምጬ የወንበሩን ጉልበት እስማለሁ።"

"ወንበር ምን ጉልበት አለው።"

"እኔ አገኝለታለሁ" አለች ፋናዬ።

አበሩ ስልኩን እንደዘጋች ወደ ማዳም ዙለይካ ሄደች። ማዳም ጥፍሯን ቀለም እየተቀባች ነበር።

"ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ" አለች። "ምትክ ብቻ አምጪ።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጅቡቲ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ ሴት አገሯ ስትሄድ ምትክ አምጥታ፣ ስለ ምትኳ እጅ ንጽሕና ራሷ ዋስ ሆና፣ አስተካክላ ነው የምትሄደው። ምትክ መምረጥ ትልቅ ጥበብ ይጠይቃል። ምትኳ ሰነፍ ከሆነች ያመጣቻት ታፍራለች። ጎበዝ ከሆነች ደግሞ ያመጣቻት ስትመለስ ሽርጧን ሌላ ሰው ለብሶት ታገኛለች። አንዷ የጋቦዴ ሰፈር ሠራተኛ የአክስቷን ልጅ ተክታ ለልጇ ክርስትና ሄዳ ስትመለስ፣ የአክስቷ ልጅ በሩን ከፍታ "ማንን ፈልገሽ ነው?" አለቻት ይባላል። ስለዚህ የምትፈለገው ከባለ ቦታዋ ጥቂት ዝቅ የምትል ናት። ማዳሚቱን ሳታማርር አንቺን የምታስናፍቅ ዓይነት።

አበሩ አርብ ከሰዓት ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ሄዳ ሲምቦን አገኘቻት። ሲምቦ የሐረርጌ ልጅ፣ እጇ ንጹሕ፣ አንደበቷ ጣፋጭ፣ ሩዝ ባበሰለች ቁጥር የምታሳርር ነበረች። እግዚአብሔር ለዚህ ለምትክነት የፈጠራት መሰለች።

"ሥራው ምንድን ነው እትዬ?" አለች ሲምቦ።

"የቤት ሥራ ነው። ጥንቸልም አለች። ከዚያ ደግሞ..." አበሩ እንዴት እንደምታስረዳት ቸገራት። "ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለሽ ቢንቢ ታስነክሺያለሽ።"

"ያንንማ ካርቲዬ ሁለት በነፃ ነው የማደርገው" አለች ሲምቦ።

በማግስቱ ሙከራ ተደረገ። ጠዋት ሲምቦ ሩዝ አበሰለች፤ አረረ። አበሩ በሆዷ ተመስገን አለች። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጓሮ ገቡ። ሲምቦ እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን በጨርቁ አስገባች።

ቢንቢዎቹ እንደ ሰርግ ቤት ሰው ተንጋጉ። በአንድ ትንፋሽ ክንዱን አለበሱት። ቦታ ያጡት በጀርባ በጀርባቸው ይወጣጡ ነበር። አበሩ አንድ ድስት ሩዝ የሚበስልበትን ያህል ቁጭ ብላ የምታጠግባቸው፣ ለሲምቦ አንድ ሽንኩርት ተልጦ ሳያልቅ ጠግበው ወደቁ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሁሉ በአበሩ ደም የተወለዱ ናቸው፤ አንዷ እንኳ ለይሉኝታ ብላ ወደኋላ አላለችም።

"ማሻላህ" አለ ዶክተር ሙጠሊብ በሹክሹክታ። "እንዲህ ሲበሉ አይቼ አላውቅም።"

"ኧረ እንዲያውም ደስ ይላል፣ ይኮረኩራል" አለች ሲምቦ።

"ሩዙ አርሯል ግን" አለች ማዳም ዙለይካ ከበሩ ላይ።

"ይረር" አለ ዶክተሩ ዓይኑን ከሳጥኑ ሳይነቅል።

አበሩ ያንን ቃል እንደሰማች ማድ ቤት ገብታ ያረረውን ድስት ትፈትግ ጀመር። የገረማት የእንጀራዋ ነገር ብቻ አይደለም፤ በቢንቢ መቅናቷ ነው። ክንዷን አየችው፤ ከክርን እስከ አንጓ ድረስ እንደ ሰሊጥ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። ይህ ሁሉ ተረስቶ ነው በሌላ ክንድ የተንጋጉት። ከሄደች ሽርጡ የሲምቦ ነው። ካልሄደች ፋናዬ ወንበር ልትስም ነው። ለወይዘሮ ቅጠሏን ስትሰጣት "አንቺን ማን ይተካሻል፣ የታደልሽ" አለቻት።

በዚያው ሳምንት ከባሕር ማዶ ኮሚቴ ይመጣል ተባለ። እንግዳይቱ ቢንቢ የዓለም ወሬ ሆና ነበር። ነገ ሌላ ከተማ ትገባለች ተብሎ ተፈርቶ፣ ለጥናቱ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች አዲስ ፖሊሲ አውጥተው ነበር፤ ምርምሩ ሁሉ ርኅራኄ ያለበት መሆኑ በዓይን ይታይ የሚል። ዶክተር ሙጠሊብ አልተጨነቀም። ርኅራኄ ከተባለ ወይዘሮ አለች።

በሆሣዕና ሰሞን የደረሰው ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው። መሪዋ ፀጉሯ የነጣ፣ ጫማዋ ድምፅ የማያሰማ ሴትዮ ናት። ወይዘሮን የሚመረምራት ሐኪም ታፈሰም ተጠርቶ መጣ። ታፈሰ ወደ ዓረብ አገር የሚሻገሩ በጎችና ግመሎች ጤና የሚያይ ኢትዮጵያዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ፈረንሳይኛውን አንድ በአንድ ለአበሩ ይተረጉምላታል፤ ማንም እንዲተረጉም አላዘዘውም፤ ወሬ ብቻውን መስማት አይወድም።

ወይዘሮን አዩ። ሙቀቱን ለኩ፣ ቅጠሉን አሸተቱ፣ ጆሮዋን አገላብጠው ማንም አንጠልጥሎ እንዳላነሳት አረጋገጡ። የፀጉረ ነጭዋ ሴትዮ ዓይን እንባ አቀረረ።

"እንዲህ ያለ ምቾት በኛ አገርም አላየሁም ነው የምትለው" አለ ታፈሰ።

ከዚያ ሳሎን ተቀመጡ። አበሩ የሎሚ ጭማቂ ይዛ ዞረች። ለሴትዮዋ ጎንበስ ስትል እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸ።

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ትታ ክንዷን ያዘች። "ይህ ምንድን ነው?"

ዶክተር ሙጠሊብ ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ ወለሉ አየ። "አበሩ ናት" አለ።

"አበሩ ምንድን ናት?"

"በሌላው ቀን... ጥንቸሏ በምታርፍበት ቀን..."

ከዚያ ሦስቱም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ ታፈሰ ከማን እንደሚጀምር ግራ ገባው።

"አንደኛው አሁኑኑ ይቁም ይላል። ያቺ ሴት ከቆመ ቢንቢዎቹ ያልቃሉ፣ ቢንቢዎቹ ካለቁ ጥናቱ የለም፣ ጥናቱ ከሌለ እኛም የለንም ትላለች። ሴትዮዋ ደግሞ ስለ ሰው የተጻፈውን ደንብ አምጡልኝ አለች።"

"አምጥተው ሰጧት?" አለች አበሩ።

"የለም። ለመጻፍ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ንዑስ ኮሚቴው ሁለት ዓመት ይፈልጋል።"

ጭማቂው ተጠጥቶ አለቀ። ሌላ ተጨመቀ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ያንን ወፍራም ደንብ አወጣች።

"የጸደቀ ደንብ ያለን ይህ ብቻ ነው" አለች። "የሰው እስኪጻፍ ድረስ በዚህ ትተዳደር።"

ታፈሰ ይህን ሲተረጉም ራሱ ሁለት ጊዜ ደገመው። "እትዬ አበሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ በጥንቸል ደንብ ነው የምትኖሪው።"

"እኔ?"

"ቁጥር ሁለት ነሽ።"

ደንቡ አንቀጽ በአንቀጽ ተነበበ። ክፍሏ ቀዝቃዛ ይሆናል። አበሩ ራሷን ነቀነቀች። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ታገኛለች። "ሰላጣ ይሁንልኝ" አለች በትሕትና። በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሳት ክልክል ነው። ሁሉም ወደ ማዳም ዙለይካ አዩ።

"እኔን ምን ታዩኛላችሁ፣ አንስቻት አላውቅም" አለች ማዳም።

"ከፍ ያለ ድምፅ አይሰማት፣ አይጮኽባት" አለ ታፈሰ።

"ሸሚዝ ስታቃጥልስ?"

"ሸሚዝ ብታቃጥልም፣ ማዳም። ደንቡ ስለ ሸሚዝ አያነሳም።"

አንድ ቀን ከሠራች ሁለት ሳምንት ታርፋለች። እዚህ ላይ ዶክተር ሙጠሊብ ተቁነጠነጠ። ሴትዮዋ ገጹን ገለበጠች። ጥናቱ ሳያልቅ እንስሳይቱን በሌላ መለወጥ ፈጽሞ ክልክል ነው።

አበሩ የብርጭቆዎቹን ትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "ይቺን ድገምልኝ።"

ታፈሰ ደገመላት።

"ይኸ እኔንም ይጨምራል?"

ጠየቀላት። "በተለይ አንቺን፣ ትላለች። ጥንቸሏን እንኳ ብንለውጥ የጥናቱ ሚዛን ያን ያህል አይዛባም። አንቺ ከተለወጥሽ ሁለት ዓመት ከንቱ ነው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፊርማ ቀረ። ጥንቸል አትፈርምም፤ የሚፈርምላት ጠባቂዋ ነው። ኮሚቴው ተመካከረ። የቁጥር አንድ ጠባቂ ማን ናት ተባለ። አበሩ ናት ተባለ። እንግዲያው የቁጥር ሁለትም ጠባቂ እሷው ትሁን፤ አዲስ ጠባቂ መቅጠር በበጀቱ የለም። አበሩ ስለ ራሷ ደህንነት ኃላፊነት ወስዳ፣ ራሷን በርኅራኄ ልትይዝ ቃል ገብታ ፈረመች።

"ትላንት ሠርታለች አይደል?" አለች ሴትዮዋ።

"ሠርታለች" አለ ዶክተሩ።

"እንግዲያው ዕረፍቷ ዛሬ ጀምሯል።"

አበሩ በልቧ ቀኑን ደመረች። ከዕረፍቱ ዳርቻ ላይ ዳግም ትንሣኤን አገኘችው።

"ቢንቢዎቹን ማን ሊያበላ ነው?" አለ ዶክተሩ። "ሲምቦ የምትባል..."

"ለአዲስ ሰው ፈቃድ ዘጠኝ ወር ይፈጃል" አለች ሴትዮዋ። ከዚያ በደግነት ፈገግ አለች። "ተመራማሪ የራሱን ክንድ እንዳይሰጥ የሚከለክል አንቀጽ ግን የለም።"

ዶክተር ሙጠሊብ ክንዱን ከጀርባው ደበቀ።

ሲምቦ ለማድ ቤቱ ብቻ ምትክ ሆና ገባች። አበሩ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ታፈሰ አንድ ወረቀት ይዞላት መጣ። በደንቡ መሠረት ያለ ጤና ማረጋገጫ ከከተማ መውጣት አትችልም። እሱ ደግሞ ያለው የበግ ብቻ ነው። በግ የሚለውን ሰርዞ ከላዩ አበሩ ብሎ ጽፏል።

"ሌላው እንዳለ ይሁን፣ ማንም አያነበውም" አላት።

ድንበሩ ደወሌ ላይ ግን አነበቡት። የድንበር ጠባቂው ከፓስፖርቷ ውስጥ የወደቀውን ወረቀት አንሥቶ፣ ከሚጋረፈው ሙቀት ፊቱን ከልሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ያዘ።

"ቀንድ፣ የለም። ጥርስ፣ ሙሉ። ጠባይ፣ ገራም።" ቀና ብሎ አያት። "እትዬ፣ ይሄ የበግ ነው።"

"አዎ።"

"የት ነው የምትሄጂው?"

"ሰርግ።"

ጠባቂው ትንሽ አሰበ። "በግ ሰርግ መሄዱ ልክ ነው" አለና ማኅተሙን መታላት። "ስትመለሺ ካየሁሽ ግን ይገርመኛል።"

የፋሲካን ሳምንት እዚያው ድሬዳዋ ከሰርገኞች ጋር ስትጋግርና ወጥ ስትሠራ ሰነበተች። በሰርጉ ዋዜማ ማዳም ዙለይካ ደወለች። ደንቡ ገብቷታልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

"አበሩ፣ እንዴት ነሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያረረ ሩዝ በላን። ሙጠሊብ ደግሞ ሁለቱም ክንዱ ተነፍቶ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። በቀኑ ትመጫለሽ?"

"በቀኑ እመጣለሁ። ወይዘሮስ?"

"ከሲምቦ እጅ አልበላም ብላ ነበር። አሁን እኔ ነኝ ቅጠል የማበላት። ምን ላድርግ።" ከዚያ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። "የሰርጉ ዶሮ ወጥ የማን ነው?"

"የኔ።"

"ታድለው" አለች ማዳም፣ ስልኩንም በቀስታ ዘጋችው።

በማግስቱ አበሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አጎት ጫላቸው ከጎኗ ሌላ ወንበር ስቦ ነበር፤ ፋናዬ አለፈችው። ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከችና የአበሩን ጉልበት ሳመች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ቀና ስትል እጅጌው የሸሸበትን ክንድ አየች። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጠፋ የጠፋው ጠፍቶ ጥቂት ሰሊጥ ቀርቶበታል።

"ምንድን ነው ይሄ እትዬ?"

"ሥራዬ ነው።"

ፋናዬ ክንዱንም ሳመችው። በዚያች ደቂቃ ከጓሮ እስከ በር ያሉት ሴቶች ሁሉ እልልታውን አቀለጡት፤ ከበሮው ተመታ፤ የመኪኖቹ ጡሩምባ ከውጭ ተቀበለ። አበሩ ከፍ ያለ ድምፅ እንዳይሰማት የሚለው አንቀጽ ትዝ አላት። ኃላፊዋ ራሷ ናት፤ ፈርማለች። ራሷን ለራሷ ይቅር አለችና ሳቀች፣ ሳቁም መሐል ላይ ወደ እንባ ዞረባት። በደንቡ ውስጥ ስለ እንባ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ እንዳሻው እንዲፈስ ተወችው።